የልጅነት የጦርነት ቁስል በፊልም ይድናል?

 

ዛሬ ስለ ስኳርም ስለ ደም ግፊትም አላወራም። ስለ ፊልም ነው። «ዶክተር፣ አንተን ደግሞ ፊልም ምን አገባህ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ብቻ ታገሱኝ። ጉዳዩ የጤና ነው፤ የራሴም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሥራ ባልደረባዬ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ ከአዳራሹ ጓሮ ርችት ተተኮሰ። ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ሲሮጥ እኔ ጠረጴዛ ስር ነበርኩ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ሱፍ የለበሰ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ሲሠራ ሲውል ሌላውን «አይዞህ» የሚል ሐኪም ተንበርክኮ የወንበር እግር ጨብጧል። አጠገቤ የነበረችው ነርስ ጎንበስ ብላ «ዶክተር፣ ስልክ ወደቀብህ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

የአዲስ አበባ ልጅ ሆናችሁ አርባዎቹን የተሻገራችሁ ካላችሁ ከየት እንደመጣብኝ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በከተማው ደቡብ የነበረው የጥይትና የፈንጂ መጋዘን ፈነዳ። መንግሥት ከተለወጠ ገና ሳምንቱ ነበር። የ1977ቱን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያን ዕለት ፍንዳታውን ሊቀርጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምጽ ባለሙያ ጆን ማታይ ሕይወቱ አለፈ። የሰፈር ሰውም ብዙ አለቀ።

እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ቄራ ነው። የማስታውሰው እንዲህ ነው፦ ሰማዩ ብርቱካንማ ሆኗል፤ የጣራው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ እናቴ የአራት ዓመት እህቴን እጅ በእጄ አስይዛኝ «እንዳትለቃት» ትለኛለች። ከዚያ መንገድ ላይ ነን፤ ሰው ሁሉ ወደ ሜክሲኮ አቅጣጫ ይሮጣል። ከዚያ ሌላ ፍንዳታ። ከዚያ እጄ ባዶ ነው።

ለቀቅኳት ማለት ነው።

እህቴ ምንም አልሆነችም። ረፋዱ ላይ አክስቴ ቤት ስደርስ እናቴ ታቅፋት ተቀምጣ ነበር። ማንም አልተቆጣኝም። ማንም አልጠየቀኝም። ነገሩ እዚያው ቀረ። ዛሬ እህቴ ውጭ አገር የሁለት ልጆች እናት ናት፤ በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ያን ቀን ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አንስተነው አናውቅም።

ከሰርጉ በኋላ ለአንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጓደኛዬ ነገርኩት። በቀልድ አድርጌ ነው የነገርኩት፤ እሱ ግን አልሳቀም። በሳምንቱ አንድ ፍላሽ ሰጠኝና «ብቻህን ማታ እንዳታየው» አለኝ። የካምቦዲያ ፊልም ነበር።

የፊልሙ ባለቤት ሪቲ ፓን ይባላል። ፕኖም ፔን ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የትምህርት ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1975 ክሜር ሩዥ የሚባለው የፖል ፖት ጦር ከተማዋን ሲይዝ ሪቲ ገና ልጅ ነው። ነዋሪው በሙሉ፣ ሕመምተኛው ሳይቀር ከሆስፒታል አልጋው እየተነሳ፣ ከከተማ ተባረረ። ሁሉም ጥቁር ልብስ እንዲለብስ፣ ሩዝ ማሳ ላይ እንዲሠራ ተደረገ። ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ለብቻ ሰፈሩ። እስከ 1979 ድረስ በቆየው በዚያ አገዛዝ በረሃብ፣ በሥራ ብዛት፣ በበሽታና በግድያ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የሪቲ አባት «ይሄ ለሰው የሚሆን ምግብ አይደለም» ብለው መብላት አቆሙና ሞቱ። እናቱም፣ እህቶቹም፣ የእህቱ ልጆችም ተከታትለው አለቁ።

እሱ ተረፈ። ወደ ታይላንድ የስደተኞች ካምፕ ሄደ፤ ከዚያ ፈረንሳይ ገባ። ፓሪስ ውስጥ ፊልም አልነበረም የሚማረው፤ የእንጨት ሥራ ነበር። አንድ ግብዣ ላይ ሰው ካሜራ አስያዘውና ነገሩ በዚያው ተጀመረ። በኋላ የፊልም ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1989 የመጀመሪያ ፊልሙን ታይላንድ ድንበር ላይ በነበረ የካምቦዲያውያን ካምፕ ሠራ።

አሁን ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው ፊልሙ ስለ ራሱ አይደለም። ስለ ሌላ ቤተሰብ ነው። የራሱን ልጅነት በቀጥታ የነገረበት «የጠፋው ምስል» የተባለው ፊልም የወጣው በ2013 ነው። ሀያ አራት ዓመት ቆይቶ! ያ ፊልም ካን ፌስቲቫል ላይ «ኧን ሰርተን ሪጋር» የሚባለውን ሽልማት አገኘ፤ ለኦስካር በመታጨትም ከካምቦዲያ የመጀመሪያው ሆነ። እኔን የያዘኝ ግን ሽልማቱ አይደለም፤ አሠራሩ ነው።

ክሜር ሩዦች የቀረጹት ፊልም ሁሉ ፕሮፓጋንዳ ነው፤ ሰው እየሳቀ አፈር ሲሸከም ነው የሚያሳየው። የሪቲ አባት ሲሞቱ የቀረጸ የለም። እናቱን የቀረጸ የለም። ፎቶ የለም። ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ከሸክላ ጭቃ ትንንሽ ሰዎች አሠራ። አባቱን ነጭ ሱፍና ክራቫት አለበሰ። ሁሉም ጥቁር በለበሰበት ቦታ ሕፃኑን ሪቲን ነጠብጣብ ያለው ባለቀለም ሸሚዝ አለበሰው። ምስሎቹ አይንቀሳቀሱም። ካሜራው ነው በመካከላቸው ቀስ እያለ የሚሄደው። ታሪኩን «እኔ» እያለ የሚተርከው ድምጽ ደግሞ የራሱ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው። የትረካውን ጽሑፍም የጻፈለት አብሮት የሠራ ደራሲ ነው።

እንደ ተመልካች ካየሁት በኋላ እንደ ሐኪም ደግሜ አየሁት። ሁለተኛውን ሳይ ነው የገባኝ፦ ይሄ ሰውዬ የሥነ ልቦና ሕክምና ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ነገር በጭቃ ሠርቶታል።

ላስረዳችሁ።

የጦርነት ትዝታ ለምን አያረጅም?

ተራ ትዝታ ቀን አለው፤ ቦታ አለው፤ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። «አምና በፋሲካ እንዲህ ሆነ» ትላላችሁ፤ ያለፈ መሆኑን አእምሯችሁ ያውቃል። አንጎላችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ነው ይህን ቀንና ቦታ የሚያስይዝልን። አሚግዳላ የሚባለው ደግሞ የአደጋ ደወል ነው። ፍርሃቱ ከልክ ሲያልፍ ደወሉ እየጮኸ የመዝጋቢው ሥራ ይበላሻል። ስለዚህ የሚቀረው ቁርጥራጭ ነው፦ ሽታ፣ ድምጽ፣ ቀለም፣ ባዶ እጅ። ቀን የለውም። ቀን ስለሌለው አላለፈም። ርችት ሲተኮስ አእምሮዬ «1983ን አስታወስኩ» አላለም፤ 1983 ውስጥ ነበር።

ልጅ ላይ ይብሳል። ልጅ የሆነውን የሚናገርበት ቃል ገና አልሞላለትም። ሁለተኛ፣ ልጅ ዓለምን የሚያየው ራሱን መሃል አድርጎ ነው፤ ክፉ ነገር ሲሆን «እኔ ባላጠፋ ኖሮ» ይላል። ሕፃናትን ያያችሁ ባለሙያዎች ትመሰክራላችሁ፤ አባቱ በጥይት የሞተበት ልጅ «ውኃ አምጣ ሲለኝ እምቢ ስላልኩ ነው» ብሎ ሊያምን ይችላል። ለማንም አይናገረውም። ሆዴን አመመኝ ይላል፤ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል፤ ጨዋታው ሁሉ ተኩስና ቀብር ይሆናል። ቤተሰብ «ልጅ ምን ያውቃል፣ ረስቶታል» ይላል። አልረሳውም፤ የሚጠይቀው ስላጣ ነው ዝም ያለው።

በጦርነት ያለፈ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው በጊዜ፣ በቤተሰብና በጎረቤት ድጋፍ ያገግማል። ግን ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለፉት 10 ዓመታት ጦርነት ወይም ግጭት ካዩ ሰዎች ከ5 አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። ከነዚህ አንዱ ፒቲኤስዲ የምንለው ነው። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና ሥራን፣ ትምህርትን ወይም ቤተሰብን ካወኩ ነው እንደ ሕመም የምንይዘው፦ ሳይጠሩት የሚመጣ ትዝታና ቅዠት፣ የሚያስታውስን ነገር መሸሽ፣ ራስን መውቀስና ከሰው መራቅ፣ ከዚያ ደግሞ መበርገግና እንቅልፍ ማጣት። እኔ ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቄራ በኩል ላለማለፍ ታክሲ እየቀየርኩ ስሄድ «የትራፊክ መጨናነቁን ስለምጠላ ነው» እል ነበር።

ታዲያ ፊልም ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ፊልም መሥራት ፒቲኤስዲን ያድናል ተብሎ በሕክምና መመሪያ ላይ የተቀመጠ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሰለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ነው፤ ጉዳቱ ላይ ያተኮረ ሲቢቲ እና ኢኤምዲአር የሚባሉት። ከነዚህ ጎን ለጦርነት ተጎጂዎች ተብሎ ጀርመን አገር ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ «ናሬቲቭ ኤክስፖዠር ቴራፒ» የሚባል አለ፤ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሳይቀር ተሠርቶበታል። የልጆቹ ስሪት ኪድኔት ይባላል።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ደስ ይላል። ባለሙያው መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል። ገመዱ ሕይወትህ ነው፤ ጫፉ የተወለድክበት ቀን። ደስ ያለህ ቦታ ላይ አበባ ታስቀምጣለህ፤ ክፉው ነገር ላይ ድንጋይ። ከዚያ በሚቀጥሉት ቀጠሮዎች ከጫፍ ተነስተህ በቅደም ተከተል ትተርካለህ። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ባለሙያው ያዘገይሃል፤ ምን አየህ፣ ምን ሸተተህ፣ ሰውነትህ ምን ተሰማው፣ አሁንስ እዚህ ወንበር ላይ ምን ይሰማሃል ይልሃል። ይጽፈዋል። በሚቀጥለው ያነብልሃል፤ አንተም ታርማለህ። መጨረሻ ላይ የተጻፈው ታሪክህ ለራስህ ይሰጥሃል። ቀን ያልነበረው ትዝታ ቀን ያገኛል፤ ከፊቱ አበባ ከኋላውም አበባ ያለው ድንጋይ ይሆናል።

አሁን ወደ ሪቲ ፓን ጭቃ ተመለሱ። ትዝታው ሲመጣበት የነበረው ሳይጠራው ነው። ፊልሙ ላይ ግን ምስሉ የሚመጣው እሱ ሲፈልግ ነው፤ ትልቅነቱን የሚወስነው እሱ ነው፤ ከየት በኩል እንደሚታይ፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነው እሱ ነው። ከባድ ሲሆን ካሜራው ይርቃል። አባቱን ለማሳየት እውነተኛ ሬሳ አላስፈለገውም፤ በመዳፍ የሚያዝ ሸክላ በቃው። «እኔ» የሚለውን ቃል እንኳ ለሌላ ሰው ድምጽ አበደረው። ፊልም ሠሪው ስለተናገረ ብቻ ሳይሆን ርቀቱን ስለመረጠ ይመስለኛል ነፍሱ የተነፈሰችው።

ይህን የምለው አጥብቄ ነው፣ ምክንያቱም እኛ ጋ «አውጣው፣ ተናገር፣ አልቅስና ይውጣልህ» የሚል ነገር በዝቷል። ከጦርነት የመጣች ልጅ ካሜራ ፊት ተቀምጣ፣ ጠያቂው «ከዚያስ? ከዚያስ ምን አደረጉሽ?» እያለ፣ ከኋላ ዋሽንት እየተለቀቀ፣ ስታለቅስ ደግሞ ፊቷ ላይ ዙም ሲደረግ አይታችሁ የለም? እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሳይ ደሜ ይፈላል። እዚያ ካሜራውን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ የሚያቆመውም ሌላ ሰው ነው። እሷ እንደዚያ ቀን ዛሬም ምንም መወሰን አትችልም። ከአደጋ በኋላ ወዲያው ሰውን አስቀምጦ ሁሉንም እንዲዘረዝር ማድረግ ፒቲኤስዲን ስለማይከላከል እንደማይመከር ካወቅን ቆይተናል።

ሪቲ ፓን ይህን ልዩነት ገዳዮቹ ላይ እንኳ አሳይቶናል። በ2003 በሠራው ፊልም ኤስ 21 ወደተባለው የቀድሞ እስር ቤት ከጥቂቶቹ የተረፉ አንዱን፣ ሠዓሊውን ቫን ናትን፣ ከቀድሞ ጠባቂዎች ጋር አገናኝቶ ወሰደ። ቦታው በፊት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ከጠባቂዎቹ ውስጥ ልጅ ሳሉ የተመለመሉ አሉ። አንዱ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ የያኔውን ሥራ ሲያሳይ ታያላችሁ፤ በሌለ በር ገብቶ፣ የሌለ እስረኛ ላይ ይጮሃል፣ የሌለ ውኃ ያቀብላል። ሰውነቱ እንዳለ ያስታውሰዋል፤ ሊያስቆመውም የቻለ አይመስልም። እኔ ያን ሳይ የሰርጉ ጠረጴዛ ነው የታወሰኝ። ሰውነት አፍ ያልተናገረውን ይዞ ይቆያል።

እኛስ? ካምቦዲያ እንዲያ ስትሆን አዲስ አበባ ቀይ ሽብር ላይ ነበረች፤ ዘመኑ አንድ ነው። ብዙዎቻችን ቤት የአንድ አጎት ፎቶ ግድግዳ ላይ አለ፤ ስለሱ ግን አይወራም። ኃይሌ ገሪማ በ2008 «ጤዛ»ን ሲሠራ ዋናውን ሰው አንበርብርን ትዝታው የተቆራረጠበት አድርጎ ነው የሠራው፤ ታሪኩ እንደ ቅዠት እየመጣ እየሄደ ቀስ በቀስ ነው የሚገጣጠመው። ያላያችሁት ካላችሁ እዩት፤ የሐኪም ማዘዣ በሉት።

እና እኔ ምን አደረግኩ?

መጀመሪያ ጓደኛዬ ጋ ለጥቂት ወራት ሕክምና ተከታተልኩ። ይህን የምጽፈው አፍሬ አይደለም፤ ሐኪምም ይታመማል። ገመዱን ዘርግቼ ግንቦት 27 ላይ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ቀን «እናትህ አሉ አይደል? ለምን አትጠይቃቸውም?» አለኝ።

እናቴን በቀጥታ መጠየቅ አልቻልኩም። ስለዚህ ፊልም እሠራለሁ ብዬ ሰበብ ፈጠርኩ። በስልክ ነው፤ ሌላ ካሜራ የለኝም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ «እማዬ፣ ስለ ድሮ ሰፈራችን ትንሽ አውሪኝ» አልኳት። ሆን ብዬ ከፍንዳታው አልጀመርኩም። ቤቱን እንዴት እንዳገኙት፣ ጎረቤት እነማን እንደነበሩ፣ የግቢው ዛፍ ምን ዛፍ እንደነበር። ሳቀች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ «ዶክተር ሆነህ ደግሞ ጋዜጠኛ ልትሆን ነው?» አለችኝ።

ያን ቀን ፍንዳታው ጋ አልደረስንም። በሦስተኛው ቅዳሜ ራሷ አነሳችው።

«የዚያን ለታ እኮ» አለች፣ «አንተን አጥቼህ ስንት ሰዓት አበድኩ መሰለህ።»

«እሷን የለቀቅኳት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምጼ ቪዲዮው ላይ ይሰማል፣ ቀጭን ነው፣ የልጅ ድምጽ ነው የሚመስለው። «እንዳትለቃት ብለሽኝ ለቀቅኳት።»

እናቴ ዝም ብላ አየችኝ። «ማን ለቀቀ? እኔ አይደለሁ እንዴ ከእጅህ የነጠቅኋት! ሰዉ ሲገፋፋ ልትረገጥ ስትል በአንድ እጄ ነጥቄ አዘልኳት። አንተን ልይዝህ ስዞር የለህም። ወይኔ ልጄን፣ የታላቁን እጅ መያዝ ትቼ አልኩ። እኔ ነኝ የለቀቅኩህ፣ የኔ ጌታ።»

ሁለታችንም ሠላሳ ዓመት አንዱን እጅ ተሸክመን ነበር።

ሐቁን ልንገራችሁ፤ እናቴ ያን ያለችው ልታጽናናኝ ይሁን እውነቱ ይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። እናት ናት። ግን ቪዲዮውን ብቻዬን ሳየው አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ «ለቀቅኩህ» ስትል እጇ ሳታውቀው ባዶውን አየር ይጨብጣል። እንደ እኔው። እዚያ ላይ አቁሜ ብዙ ጊዜ አየሁት። በማግሥቱ ለእህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። በድምጽ መልስ ላከችልኝ፤ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው የእርጥብ ጋቢ ሽታ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይታ ሌላ ድምጽ ላከች። እያለቀሰች ነው፤ «ለዚህ ነው እንዴ መንገድ ስንሻገር እጄን እንደዚያ አጥብቀህ ትይዘኝ የነበረው?» አለችኝ።

ይህን አንብባችሁ ስልክ ለማንሳት ለምታስቡ ጥቂት ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ቅዠቱና መበርገጉ አሁን የበረታበት ሰው፣ ወይም መሞትን የሚያስብ ሰው፣ ካሜራ ሳይሆን በቅድሚያ ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው። አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ አይደለም ያለው፤ ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክሊኒክ አላቸው። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም፣ መድኃኒት የጀመረ ግን አያቋርጥ። ለእንቅልፍ ብላችሁ ያለ ማዘዣ ዳያዜፓም ከመውሰድ፣ በአልኮልና በጫት ከማስታመም ተጠበቁ፤ ለዚያች ሌሊት ያስተኛ ይመስላል እንጂ ሱስ ሆኖ ይቀራል፣ ፍርሃቱንም ያቆየዋል።

ለሌሎቻችሁ፣ ከክፉው አትጀምሩ፤ ከዛፉ ጀምሩ። ቀን በብርሃን፣ ከሚቀርባችሁ ሰው ጋር ይሁን። ተራኪው «በቃ» ሲል በዚያው ቅጽበት ይጥፋ፤ ቪዲዮው የማን ነው ብትሉ የተናገረው ሰው ነው። «ከዚያስ?» እያላችሁ አትጎትጉቱ። ማውራት የሚከብደው በጭቃ፣ በሥዕል፣ ባዶ ቦታውን በመቅረጽ ሊጀምር ይችላል። ልጆችን የሆነባቸውን እንዲናገሩ አድርጋችሁ አትቅረጹ፤ ካሜራውን ለልጁ ስጡትና የወደደውን ይቅረጽ፣ ድመቱንም ቢሆን። ከሁሉም በላይ ደግሞ እባካችሁ አትለጥፉት። የእኔ ቪዲዮ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ይህን ጽሑፍም እናቴና እህቴ አንብበው ከፈቀዱ በኋላ ነው የለጠፍኩት።

ሪቲ ፓን ራሱ «የጠፋው ምስል»ን ሠርቶ «በቃ ዳንኩ» ብሎ አልተቀመጠም። በ2018 ያለ ስም ስለተቀበሩት ሙታን ሌላ ፊልም ሠራ። ቀደም ሲል በ2006 ፕኖም ፔን ውስጥ ቦፋና የሚባል ማዕከል አቁሟል፤ የአገሩን የድሮ ፊልምና ድምጽ ይሰበስባል፤ ወጣቶችን ካሜራ ያስተምራል። ቦፋና ኤስ 21 ውስጥ የተገደለች ሴት ስም ነው።

እኔም ድኛለሁ አልልም። አሁን በቄራ በኩል አልፋለሁ። ርችት ሲተኮስ ግን ሰውነቴ ዛሬም ይበረግጋል። ባለፈው አዲስ ዓመት ዋዜማ ጎረቤት ሲተኩሱ በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ጓደኛዬ እንዳስተማረኝ፣ እግሬን መሬት ላይ አጥብቄ የማየውን በስሙ እጠራ ነበር፤ ይሄ በረንዳ ነው፣ ይሄ የልብስ ገመድ ነው፣ ይሄ ርችት ነው። ሰባት ዓመት የሞላት ልጄ መጥታ ሱሪዬን ያዘች።

«አባዬ፣ ፈርተህ ነው?»

«አዎ» አልኳት።

እጄን ያዘችኝና አብረን እስኪያልቅ አየነው።